ፊልም አላልፍ ሲል፤ ስለ አሮጌ ካሜራ አያያዝ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ ተማሪ የተደረገ ንግግር)



 የምናገርበት ጉዳይ በየቤታችን ሣጥን ውስጥ ተረስቶ ስለሚገኘው የፊልም ካሜራ ነው። ሁላችንም በስልክ ፎቶግራፍ በምናነሣበት ዘመን ስለ ፊልም ማውራት ምን ይጠቅማል የሚል ቢኖር መልሱ አጭር ነው። በዚያ ካሜራ ውስጥ ገና ያልታጠበ የአያታችን ፎቶግራፍ ሊኖር ይችላል።

እንደሚታወቀው ፎቶግራፍ ወደ አገራችን ከገባ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። በዐፄ ምኒልክ ዘመን አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ነበር፤ ልጆቹም ሙያውን ወርሰው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ሠርተዋል። የነገሥታቱ ፎቶግራፍ በዚህ ዓይነት ተጠብቆ ደርሶናል። የገበሬውና የነጋዴው፣ የመምህሩና የተማሪው ፎቶግራፍ ግን ያለው በየቤቱ ነው፤ ጠባቂውም እኛው ነን።

በመስከረም 2016 ዓ.ም. የጌዴኦ ባህላዊ መልክዐ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። የጨልባ ቱቲቲና የቱቱ ፈላ ትክል ድንጋዮች ፀሐዩንና ዝናቡን ችለው ለብዙ ዘመን ቆመዋል። ቡናውን ከእንሰቱና ከትልልቁ ዛፍ ጋር አዋሕደው የተከሉት ሰዎች መልክ ግን እንደ ድንጋይ አይቆምም። ያልታጠበ ፊልም ብርሃን በነካው ቅጽበት ይበላሻል። ስለዚህ ካሜራው አልንቀሳቀስ ሲል የምናደርገው ነገር ቀላል ጉዳይ አይደለም።

በቅድሚያ አሠራሩን እንመልከት። በብዙዎቹ አሮጌ ካሜራዎች የሚገባው ፊልም ወርዱ 35 ሚሊ ሜትር ነው። ኮዳክ በቆርቆሮ ተጠቅልሎ የሚገባውን ይህን ፊልም ለገበያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1934 ሲሆን ዛሬም ይሸጣል። በግራና በቀኝ ዳሩ ቀዳዳዎች አሉት። ማሳለፊያውን እጀታ አንድ ጊዜ ስንስበው ጥርስ ያላት ትንሽ መዘውር ስምንት ቀዳዳ ያህል ፊልሙን ታሳልፋለች፤ ከዚያም ትቆለፋለች። ይህ ልክ 24 በ36 ሚሊ ሜትር ለሆነው ለአንድ ፎቶግራፍ ይበቃል። ያለፈው ፊልም በቀኝ በኩል ባለው ዘንግ ላይ ይጠቀለላል። በግራ በኩል ከላይ ያለው መመለሻ እጀታ ደግሞ ፊልሙ ከቆርቆሮው በወጣ ቁጥር አብሮ ይዞራል።

ይህችን የመጨረሻዋን ነገር ልብ በሉ፤ የካሜራው ምስክር እርሷ ናትና። ቆጣሪው 1፣ 2፣ 3 እያለ ቢሄድም ፊልሙ አልፏል ማለት አይደለም። ቆጣሪው የሚቆጥረው የእጃችንን ሥራ ነው። የፊልሙ ምላስ ከዘንጉ ሾልኮ ከሆነ ሠርጉ አልቆ፣ ሙሽሮቹ ወደ ቤታቸው ሄደው፣ ፊልሙ ሲታጠብ ባዶ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ፊልም ስታስገቡ ሁለቱም መሥመር ቀዳዳዎች በመዘውሯ ጥርስ ላይ መቀመጣቸውን አይታችሁ ዝጉ። ከዚያም መመለሻውን እጀታ በፍላጻው አቅጣጫ በቀስታ አዙራችሁ የላላውን ፊልም አጥብቁ። ማሳለፊያውን ስትስቡ መመለሻው አብሮ ከዞረ ፊልሙ ያልፋል፤ ካልዞረ እንደ ገና አስገቡት።

ሁለተኛው ችግር ማሳለፊያው እጀታ አልሳብ ማለቱ ነው። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው ጉልበቱን ይጨምራል። በቡና መፈልፈያ ውስጥ ጠጠር ቢገባ አስተዋይ ሠራተኛ መኪናውን አቁሞ ይመረምራል እንጂ በኃይል አያዞርም። ካሜራም እንደዚሁ ነው። በመጀመሪያ ቆጣሪውን ተመልከቱ። 24 ወይም 36 አካባቢ ከሆነ ካሜራው አልተበላሸም፤ ፊልሙ አልቋል። አሁን በኃይል ቢስቡት ፊልሙ ከቆርቆሮው ውስጥ ይነቀላል ወይም ቀዳዳዎቹ ይቀደዳሉ።

ቁጥሩ ገና ከሆነም ምክንያቱን መፈለግ ነው። ምናልባት ካሜራው ፎቶግራፍ ለማንሣት ተዘጋጅቶ ይሆናል፤ ማንሻውን ብትጫኑት ይፈታል። በአንዳንድ የኮዳክ ሬቲና ካሜራዎች ቆጣሪው ወደ ታች እየቆጠረ መጥቶ 1 ላይ ሲደርስ ማሳለፊያው ይቆለፋል፤ መድኃኒቱ ቆጣሪውን በእጅ መልሶ መሙላት ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው ካኖን ኤኢ-1 ደግሞ ባትሪው ካለቀ አያነሣም፤ ስላላነሣም አያሳልፍም። አዲስ ባትሪ ሲገባለት የሚነሣውን ካሜራ የሞተ ነው ብሎ መጣል አይገባም።

ሦስተኛው ችግር ፎቶግራፎቹ እርስ በርሳቸው መደራረባቸው ነው። ይህ የሚመጣው ብዙ ጊዜ በውስጥ ያለው ግራሶ ደርቆ ወይም ጥርሱ አልቆ ነው። እዚህ ላይ እጃችንን እንሰብስብ። የስፌት መኪና ዘይት ጠብ ማድረግ የሚያድን ይመስላል፤ ነገር ግን ዘይቱ ወደ ሻተሩ መጋረጃ ሰርጎ የባሰ ያጣብቀዋል። ይህ የባለሙያ ሥራ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ምክሬ እመጣለሁ። ከሣጥን ካሜራ ብታገኙ ጀርባውን አትክፈቱ። መጀመሪያ መመለሻውን እጀታ በፍላጻው አቅጣጫ በቀስታ አዙሩት። ከጠበቀ በውስጡ ፊልም አለ። እንግዲያስ በብዙዎቹ ካሜራዎች ከሥር የምትገኘውን ትንሽ ቁልፍ ተጭናችሁ፣ መያዣው እስኪላላ ድረስ ፊልሙን ወደ ቆርቆሮው መልሱት። በዞርኪ 4 መልቀቂያው ከሥር ሳይሆን በማንሻው ዙሪያ ያለው ቀለበት ነው።

መመለሻው ያለ መያዝ ቢዞር ግን ባዶ ነው ብላችሁ አትመኑ፤ ፊልሙ ተቆርጦ በዘንጉ ላይ ተጠቅልሎ ቀርቶ ይሆናል። እንዲህ ሲሆን፣ ወይም ፊልሙ አልመለስ ሲል፣ ሌሊት መስኮት በሌለው ክፍል መብራትና ስልክ አጥፍታችሁ፣ በወፍራም ብርድ ልብስ ውስጥ በደረቅ እጅ ክፈቱት። ፊልም ካገኛችሁ ጠቅልላችሁ ብርሃን በማያስገባ ቆርቆሮ ክደኑት። የመጋረጃውን ጨርቅ በጣት አትንኩ። ፊልም የሚያጥብ ቤት እንደ ድሮው በየከተማው ስለማይገኝ፣ በዲላም ሆነ በአዲስ አበባ ያሉ የቆዩ ፎቶ ቤቶችን ጠይቁ። የቆየ ፊልም ጭጋግ ሊለብስ ይችላል፤ ሆኖም ደብዛዛ ፊት ከምንም ይሻላል።

የወርቃ አየር እርጥበት የበዛበት ስለሆነ ካሜራውንና ኔጋቲቩን ከግድግዳ አርቃችሁ በደረቅ ቦታ አስቀምጡ። በአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምትገኘው እርጥበት መጣጭ ከረጢት አብራ ብትቀመጥ ትጠቅማለች።

የተከበራችሁ ወላጆች፤ በሣጥናችሁ ያለውን ካሜራ ለልጆች መጫወቻ አትስጡብን፤ በውስጡ ማን እንዳለ አይታወቅምና። ጓደኞቼ፣ እናንተም ካሜራውን ስታገኙ የማን እንደ ነበረና መቼ እንደ ተነሣበት ሽማግሌዎችን ጠይቃችሁ በወረቀት ጻፉ። ስም የሌለው ፎቶግራፍ ከአንድ ትውልድ በኋላ የእንግዳ ሰው ፎቶግራፍ ይሆናልና።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላል። የፈሰሰ እህል ይለቀማል፤ ብርሃን የገባበት ፊልም ግን አይለቀምም። ስለዚህ ካሜራው እንቢ ሲላችሁ እጃችሁን አቁሙና ምስክሩን ጠይቁ፤ ከዚያ በኋላ ሥሩ። ከየሣጥኑ የሚወጣውን ፎቶግራፍም በሚቀጥለው የበዓል መጽሔታችን ላይ ለማየት ያብቃን።