ከሥር ያለውን ስሙ

ባንድ ገብታችሁ ቤዝ ጊታር ለጀመራችሁ የፍላቂትና የአካባቢዋ ወጣቶች አንድ ሀሳብ አለኝ።

አዲስ ዘፈን ሲመጣ ጀማሪ ጣቱን ለማሯሯጥ ይቸኩላል። እኔ ግን ጆሮ ይቅደም እላለሁ። ቅኝቱ ምንድን ነው? ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል ወይስ አንቺ ሆዬ? እያንዳንዱ ቅኝት አምስት ድምፅ ብቻ ነው ያለው፤ ዜማው የሚያርፍበትን ድምፅ፣ ማረፊያውን ያገኘ ሰው ከባዱን ሥራ ጨረሰ። ከዚያ የቤዙን መስመር በአፋችሁ አዚሙት፤ በአፍ ያልወጣ በጣት አይወጣም። ቀስ ብላችሁ ከድራሙ የእግር ምት ጋር ግጠሙት፤ ምቱ ሳይዛነፍ ብቻ አፍጥኑ። የችክችካ ምት ደግሞ መሬት ካልረገጣችሁለት አይገባችሁም።

ጆቫኒ ሪኮን አድምጡ። በአይቤክስ፣ ኋላም የላሊበላን የጥንት ስም በያዘው ሮሃ ባንድ ቤዝ ተጫውቷል። አይቤክስ ማሕሙድ አሕመድን ባጀበባቸው ዘፈኖች ውስጥ ድምፃዊውን ለጊዜው ተዉትና ከሥር የሚሄደውን ብቻ ተከተሉ። ስንቱ ዘፈን በዚያ ድምፅ ላይ ቆሟል!

ከቅኝቶቹ ባቲም አምባሰልም የእኛው የወሎ አገር ስሞች ናቸው። ቅኝቶቹን በየሰርጉ ስትሰሙ አድጋችኋል፤ ከባዶ አትጀምሩም። እንግዲህ ዛሬ ማታ አንድ ዘፈን ብቻ ምረጡና ማረፊያውን ፈልጉ።