የሥራ ፈላጊ ቃልና ማስረጃው



የተከዜ ወንዝ በቆላው ሰቲት እየተባለ ወደ ሱዳን ይዘልቃል። በዚያ በኩል በወንዙ አጠገብ ወድ ኤል ሒለው የምትባል ከተማ ትገኛለች፤ ከእርሷም ወደ ገዳሪፍ ሲኬድ ማሽላና ሰሊጥ የሚዘራበት ሰፊ የዋልካ ሜዳ ተዘርግቶ ይታያል። ወደዚህ አገር የሚሻገር ሥራ ፈላጊ ኢትዮጵያዊ በሁለት ወገን ይከፈላል። አንደኛው የመከሩን ወራት ጠብቆ ለጉልበት ሥራ በፈቃዱ የሚወርድ ነው፤ ሁለተኛው ጦርነት ወይም ረኃብ ከቤቱ ያስወጣው ነው። አመጣጣቸው ቢለያይም በአሠሪ ፊት ሲቆሙ የሚቀርብላቸው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ምን ሥራ ታውቃለህ? በምንስ ታስረዳለህ?» የሚል ነው። ይህን ጥያቄ በሚገባ መመለስ ልምምድ የሚሻ ጥበብ ስለ ሆነ፣ ነገሩ የመምህራንን ሥራ በቀጥታ ይመለከታል።

የገዳሪፍ የትራክተር እርሻ የተጀመረው በ1937 ዓ.ም. ገደማ፣ በምሥራቅ አፍሪካ ለነበረው የእንግሊዝ ጦር ቀለብ ለማቅረብ ሲባል ነው። ትራክተሩ ምድሩን ቢያርስም አረሙን የሚነቅለውና ሰሊጡን የሚያጭደው የሰው እጅ ስለ ሆነ፣ እርሻው እየሰፋ በሄደ መጠን የሠራተኛው ፍላጎት አብሮ በዛ። ከዚህም ጋር ምድሪቱ የስደተኛ መጠጊያ ሆነች። በ1970ዎቹ ዓ.ም. በወድ ኤል ሒለው የስደተኞች ሰፈር ነበረ። በ2013 ዓ.ም. የትግራይ ጦርነት ሲነሣ ከ60 ሺህ በላይ ሰዎች ድንበሩን ተሻግረው፣ ብዙዎቹ በኡም ራኩባና በቱናይድባ ሰፈሩ። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ደግሞ በሱዳን በራሷ ጦርነት ስለ ተነሣ አስጠጊውም ተጠጊውም አብረው ተቸገሩ።

በእንዲህ ያለ ጊዜ የሚሰደድ ሰው ልጁን ያቅፋል እንጂ ሰነዱን አያስብም። መምህር ቢሆን ዲፕሎማው፣ ተማሪ ቢሆን የፈተና ውጤቱ፣ ነርስ ብትሆን ፈቃድዋ በቤት ይቀራል። ወረቀት የሌለው ሰው በእጁ የቀረው አንድ ንብረት ቃሉ ነው። ስለዚህ ሥራ ፈላጊ ሊማረው የሚገባው ዋና ነገር፣ ቃሉን ሊመረመር በሚችል ማስረጃ ማስደገፍ ነው።

አስቀድሞ ሕጉን ማወቅ ይገባል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1951 በጄኔቫ የተጻፈው የስደተኞች ስምምነት በ17ኛው አንቀጽ ስለ ደመወዝ ሥራ ይናገራል። ሱዳን በ1974 ይህን ስምምነት ስትቀበል፣ ስለ መዘዋወር ነፃነት የሚናገረውን 26ኛውን አንቀጽ ግን ለይታ አስቀርታለች። እንግዲህ ስደተኛ ከሰፈሩ ርቆ ሥራ ከመቀበሉ በፊት፣ የመውጫውንና የሥራውን ፈቃድ ነገር የስደተኞችን ጉዳይ ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት ይጠይቅ። በመንገድ ወሬ ተማምኖ መነሣት ለእስራት ሊያጋልጠው ይችላል።

በእርሻ በኩል ያለው ቃለ መጠይቅ በዛፍ ጥላ ወይም በመኪና አጠገብ በጥቂት ደቂቃ የሚያልቅ ነው፤ ቢሆንም ውል ነው። ጠያቂውም ብዙ ጊዜ ባለ እርሻው ሳይሆን ደላላው ወይም ወኪሉ ነው። ስለዚህ ሠራተኛው እነዚህን ነገሮች ሳይጠይቅ አይሳፈር፤ ክፍያው በቀን ነው ወይስ በፈዳን? የሚከፈለው መቼና በማን እጅ ነው? ምግብና የመጠጥ ውኃ የማን ነው? ቢታመም ማን ያሳክመዋል? የመመለሻውን መጓጓዣ ማን ይችላል? ከሒሳቡስ ላይ ምን ይቀነሳል? መልሱንም ቢያንስ ሁለት ጓደኞቹ በሰሙበት ይቀበል፤ መጻፍ የሚችል ቢገኝ ቀኑንና ዋጋውን በደብተር ያስፍር።

የልኩን ነገር ማወቅም ያስፈልጋል። ፈዳን 4,200 ካሬ ሜትር ነው፤ ሄክታር ግን 10,000 ካሬ ሜትር ነው። 10 ፈዳን ሊያጭድ የተዋዋለ ሰው 4.2 ሄክታር ተቀበለ ማለት ነው። በሄክታር ማሰብ የለመደ ሠራተኛ ይህን ካላወቀ የቀረበለት ዋጋ ይብዛ ይነስ ሊለይ አይችልም። እንዲሁም ሰሊጥ ሲደርስ የፍሬው ማኅደር ተከፍቶ ዘሩ ስለሚረግፍ፣ ባለ እርሻው አጨዳውን ማዘግየት አይሆንለትም። ይህን የሚያውቅ ሠራተኛ የዋጋውን ነገር ማጭዱን ሳያነሣ ይጨርሳል፤ ሰሊጡ ከታጨደ በኋላ ግን ችኮላው ከባለ እርሻው ወደ ሠራተኛው ይዞራል።

በጠረጴዛ ዙሪያ የሚደረገው ቃለ መጠይቅ፣ ማለትም አስተርጓሚ፣ መምህር፣ የጤና ረዳት ወይም ጸሐፊ ለመቅጠር የሚደረገው፣ ሌላ ዝግጅት ይፈልጋል። አመልካቹ የሥራውን ማስታወቂያ ደጋግሞ አንብቦ፣ ለተጠየቀው እያንዳንዱ ችሎታ ራሱ የሠራውን አንድ ሥራ በትይዩ ይጻፍ። «ታታሪ ነኝ» የሚል ቃል ማንም ይናገረዋል። «በ2010 ዓ.ም. ሦስተኛ ክፍልን ሳስተምር 70 ልጆች ነበሩኝ፤ መጽሐፍ ስላልበቃ በአምስት በአምስት አቧድኜ በተራ አስነበብኋቸው» የሚል ግን ዓመቱን፣ ሥራውንና ችግሩን የፈታበትን መንገድ አብሮ ተናገረ። ጠያቂውም ዝርዝሩን እየተከተለ ቢመረምረው፣ እውነተኛ ሰው መልስ አያጣም፤ ሐሰተኛው ግን በሦስተኛው ጥያቄ ይደናገራል።

በቋንቋ ረገድ ማጋነን አደጋ አለው። ዐረብኛ መናገር የሚችል ሁሉ ማንበብ አይችልም። «በገበያ እነጋገርበታለሁ፤ ጽሕፈቱን ግን ገና እየተማርሁ ነው» ብሎ ልኩን የሚናገር ሰው ይታመናል። በሐኪምና በሕመምተኛ መካከል የቆመ አስተርጓሚ ያልገባውን እንደ ገባው አድርጎ ቢያስተላልፍ፣ ጉዳቱ በሌላ ሰው ሕይወት ላይ ይደርሳልና። «ካነጋገር ይፈረዳል፣ ካያያዝ ይቀደዳል» የሚለው የአባቶች ቃል እዚህ ላይ ትክክል ነው።

አመልካቹ ሰዓቱን ይጠብቅ፤ በንጽሕና ይቅረብ፤ በሱዳናውያን ዘንድ ሰላምታ ሳይጨርሱ ወደ ጉዳይ መግባት የሚያስነውር ስለ ሆነ፣ ሰላምታውን አያሳጥር። ጥያቄውን እስከ መጨረሻው ሰምቶ ይመልስ፤ ያልገባውን ይድገሙልኝ ማለት ነውር የለበትም። በመጨረሻም የሥራውን ሰዓት፣ ደመወዙንና የሙከራውን ጊዜ በትሕትና ይጠይቅ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች ለቅጥር ብለው ከአመልካች ገንዘብ አይቀበሉም፤ በስማቸው ክፍያ የሚጠይቅ ሰው አታላይ መሆኑን ይወቅ።

አሁን ነገሩ ወደ ትምህርት ቤት ይመለሳል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2019 ዩኔስኮ በዛምቢያ ለስደተኞች የብቃት ፓስፖርት መስጠት ጀመረ፤ ይህም ያለው ሰነድ እየታየና ባለቤቱ በሥርዓት እየተጠየቀ ትምህርቱ የሚመዘንበት መንገድ ነው። ከዚህ የሚታየው፣ በሚገባ የተነገረ እውነት ወረቀት በጎደለበት ቦታ ሊመሰክር እንደሚችል ነው። ይህን የመናገር ችሎታ ግን ተማሪው በችግሩ ቀን በድንገት አያገኘውም።

ስለዚህ በመምህራን ማሠልጠኛና በየትምህርት ቤቱ ሦስት ነገሮች ቢለመዱ ይጠቅማሉ። አንደኛው በሳምንት አንድ ጊዜ ለግማሽ ሰዓት የሚደረግ የቃለ መጠይቅ ልምምድ ነው፤ ሦስት ተማሪዎች ጠያቂ፣ አንድ ተማሪ አመልካች ይሁኑ፤ የቀሩት ደግሞ የትኛው መልስ በማስረጃ እንደ ቆመ፣ የትኛው ባዶ ቃል እንደ ሆነ ይለዩ። ሁለተኛው የመምህር የምስክርነት ደብዳቤ ነው። «ጠባየ መልካም ነው» ብቻ ብሎ የሚያበቃ ደብዳቤ ለአሠሪ የሚነግረው ጥቂት ነው፤ ተማሪው በየትኛው ዓመት ምን እንደ ተማረና መምህሩ በዓይኑ ሲሠራ ያየውን ይግለጥ። ሦስተኛው የመዝገብ ነገር ነው። የተማሪዎች መዝገብ ግልባጩ በሌላ ስፍራ ይቀመጥ፤ ተማሪውም የተማረበትን ዓመትና የፈተና ቁጥሩን በቃሉ ይያዝ።

መዝገቡ በእሳት ወይም በዘረፋ የጠፋበት ትምህርት ቤት ተማሪ፣ ያለ ጥፋቱ ካልተማረ ሰው ጋር እኩል ይቆጠራል። ግልባጭ ማስቀረት ግን የጥቂት ቀናት ሥራ ነው። የትምህርት ቤት ሹማምንት ይህን በሰላሙ ጊዜ ቢፈጽሙት፣ ከሰቲት ማዶ «በምን ታስረዳለህ?» ተብሎ የሚጠየቀው ልጅ የሚጠራው ትምህርት ቤት፣ ትምህርት ቤቱም የሚመሰክርበት መዝገብ ይኖረዋል።