ከሚዛን ወደ ቴፒ በፔዳል



ብስክሌት ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ፣ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በተሳተፈችበት ኦሎምፒክ፣ ገረመው ደንቦባ 187 ኪሎ ሜትሩን ጋልቦ 24ኛ ወጥቷል። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ ከመሮጡ አራት ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ መሆኑ ነው። እኛ ግን ሯጩን እያነሳን ብስክሌተኛውን ረስተነዋል፤ ያሳዝናል። የመቀሌው ጽጋቡ ግርማይም በ2008 ዓ.ም. በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ።

ውድድሩን ለወጣት እንተወው። እኔ የምለው ዕድሜ ልክ ስለሚዘልቀው ፍቅር ነው። ከሚዛን ቴፒ በመኪና ስትሄዱ ጫካው ዝም ብሎ ያልፋል። በብስክሌት ሲሆን ግን የቡናው አበባ ገና ሳይታይ ሽታው ይቀበላችኋል። አቀበቱ ላይ ስታለከልኩ የማታውቁት ሰው ከደጁ ወጥቶ «አይዟችሁ» ይላል፤ ልጆች እየሮጡ ይሸኟችኋል። እንዲህ ያለውን መንገድ የቀመሰ ሰው፣ ፀጉሩ ሸብቶም ብስክሌቱን አይሸጥም።

ታዲያ ዝናብ የማይለየው አገር ነውና ቁልቁለት ከመጀመራችሁ በፊት ፍሬናችሁን ፈትሹ። ካላማዳሪያ፣ ማጣበቂያና መንፊያም ያዙ፤ ጫካ መሃል ጎሚስታ የለም።

ቡና የጫናችሁ የአይሱዙ ሾፌሮች፣ እናንተም ኩርባ ላይ ብስክሌተኛ ካያችሁ ጥሩምባውን ተዉት፤ ኩርባውን እስኪጨርስ ጠብቁት።