በኩስኮ ዙሪያ ደርሶ መልስ፤ ድንጋይ፣ ውኃና የሣር ድልድይ

(ለማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ የቀረበ ንግግር)



በደቡብ አሜሪካ በፔሩ አገር፣ በአንዲስ ተራሮች መካከል ከባሕር ወለል በላይ 3,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የምትገኘው ኩስኮ የኢንካዎች መንግሥት መናገሻ ነበረች። ስፔናውያን በ1533 ከያዟት ወዲህ (በዚህ ንግግር ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በኢንካው ግንብ ላይ የስፔን ቤት፣ በኢንካው የፀሐይ መቅደስ ላይ የዶሚኒካውያን ገዳም ተሠርቶባት የሁለት ዘመን ከተማ ሆና ትኖራለች። በ1950 ዓ.ም. በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ የገዳሙ ሕንፃ ክፉኛ ሲጎዳ፣ ከሥሩ የነበረው ያለ ኖራና ያለ ጭቃ የተገጣጠመው የኢንካዎች ግንብ ሳይናጋ ቆሞ ተገኘ፤ በኋላ በተሠራ ግድግዳ ተሸፍኖ የኖረውም ክፍል ለዓይን ተገለጠ። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት ከተማይቱን በ1983 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መዝግቧታል።

ከተማይቱን ለማየት የሄደ እንግዳ ሁለትና ሦስት ቀን ከቆየ በኋላ ዓይኑን ወደ አካባቢዋ ማንሣቱ አይቀርም። አስጎብኚዎችም ለዚህ የተዘጋጀ መልስ አላቸው። ማለዳ በአውቶቡስ አሳፍረው አራትና አምስት ቦታ በጥድፊያ ያሳዩትና ማታ ይመልሱታል። በዚህ ዓይነት የሄደ ሰው ብዙ ድንጋይ አይቶ ይመለሳል፤ ድንጋዩም በእውነት ሊታይ የሚገባው ነው። ይሁን እንጂ ሙያው ግንባታ፣ መንገድና ውኃ ለሆነ ሰው በየቦታው ሊጠይቀው የሚገባ ሌላ ጥያቄ አለ። ይኸውም ከተሠራው ውስጥ ዛሬም አገልግሎት የሚሰጠው የትኛው ነው? የሚጠግነውስ ማን ነው? የሚለው ነው።

ከከተማይቱ በስተሰሜን በኮረብታው ላይ ያለው ሳክሳይዋማን በእግር የሚደረስበት ስለ ሆነ መጀመሪያ የሚታየው እርሱ ነው። በሦስት እርከን እንደ መጋዝ ጥርስ እየወጡና እየገቡ የተገነቡት ግንቦች ከያዟቸው ድንጋዮች ትልልቆቹ ከ100 ቶን በላይ እንደሚመዝኑ ይገመታል። ማንኮ ኢንካ በ1536 በስፔናውያን ላይ ተነሥቶ ከተማይቱን በከበበ ጊዜ ከባዱ ውጊያ የተካሄደው በዚህ ነበር፤ የድል አድራጊው የፍራንሲስኮ ፒሳሮ ወንድም ሁዋን ፒሳሮም የሞተው በዚሁ ውጊያ በደረሰበት ቁስል ነው። ከዚያ በኋላ ምሽጉ የከተማይቱ የድንጋይ ካባ ሆነ። ለቤተ ክርስቲያንና ለመኳንንት ቤት መሥሪያ እያፈረሱ አጓጓዙት። ዛሬ ቆሞ የሚታየው መሸከም ያልቻሉት ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም።

ስለ ከፍታው አንድ ቃል መናገር ያስፈልጋል። ከአዲስ አበባ የሚሄድ እንግዳ ከባሕር ዳርቻ ከሊማ ከሚመጣው ይልቅ ቀጭን አየር የለመደ ነው። ሆኖም ኩስኮ ከአዲስ አበባ በአንድ ሺህ ሜትር ያህል ስለምትበልጥ የመጀመሪያውን ቀን በዕረፍት ማሳለፍ፣ ቀጥሎም ወደ ዝቅተኛው የኡሩባምባ ሸለቆ መውረድ ይበጃል። ከ5,000 ሜትር በላይ ወደሚገኘው ባለ ብዙ ቀለሙ የቪኒኩንካ ተራራ በሁለተኛው ቀን የሚሮጡ ጎብኚዎች ከተራራው ውበት ይልቅ ራስ ምታታቸውን ሲያስታውሱ ይኖራሉ።

በሸለቆው ውስጥ በ2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የተቆረቆረችው ኦያንታይታምቦ ለአንድ ሙሉ ቀን የምትበቃ ናት። መንገዶቿ ኢንካዎች እንደ ቀየሱት ናቸው፤ በመንገዶቹ ዳር ውኃ በድንጋይ ቦይ ይወርዳል፤ በጥንቱ ግንብ ውስጥም ቤተሰቦች ይኖራሉ። ከበላይዋ ባለው ገደል ላይ ጎን ለጎን የቆሙት ስድስት ታላላቅ ቀይ ድንጋዮች የመጡት ከወንዙ ማዶ፣ ከካቺቃታ ተራራ ካባ ነው። እያንዳንዳቸው ክብደታቸው በብዙ አሥር ቶኖች የሚቆጠር ሲሆን፣ ከተራራው ወርደው፣ ወንዝ ተሻግረው፣ ዳገት ወጥተው ነው ከዚህ የደረሱት። ሳይደርሱ በመንገድ የቀሩትን ያገሬው ሰው «የደከሙ ድንጋዮች» ይላቸዋል፤ ዛሬም በሜዳው ላይ ተጋድመው ይታያሉ። ሥራው ያላለቀበት ቦታ ያለቀውን ያህል፣ እንዲያውም ከዚያ በላይ ለባለሙያ ያስተምራል።

የእነዚህ ድንጋዮች አጠራረብ ለብዙ ዘመን የተረት መፈልፈያ ሆኖ ቆይቷል። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በበርክሌይ የሕንፃ ጥበብ መምህር የነበሩት ዣን ፒየር ፕሮትዘን ግን በ1980ዎቹ ዓመታት ከኩስኮ በስተደቡብ ምሥራቅ ወዳለው ወደ ሩሚቆልቃ የድንጋይ ካባ ሄደው ነገሩን በእጃቸው ሞከሩት። በካባው ውስጥ ከተገኙት የኢንካ ጠራቢዎች መሣሪያዎች ጋር የሚመሳሰል ጠንካራ ድንጋይ ይዘው አንዱን ጥርብ በመቀጥቀጥ ብቻ ሦስት ገጹን ከሁለት ሰዓት ባነሰ ጊዜ አስተካከሉ። የሚቀጠቀጠው ድንጋይ ጠርዝ እንዳይሸረፍ ጠርዙ አካባቢ በትንሽ ድንጋይ በቀስታ መምታት እንደሚገባም ተረዱ፤ በኢንካ ግንብ መጋጠሚያዎች አጠገብ የሚታዩት ጥቃቅን ጠባሳዎችም ይህንኑ ይመሰክራሉ። ከሌላ ዓለም የመጣ ኃይል ወይም ድንጋይ የሚያቀልጥ ቅጠል መፈለግ አላስፈለገም። ትልልቆቹ ድንጋዮች እንዴት እየተነሡ በቦታቸው እንደ ተቀመጡ ግን ዛሬም ባለሙያዎችን ያከራክራል።

ከሸለቆው በላይ ባለው አምባ ላይ ሞራይ፣ ማራስና ቺንቼሮ ይገኛሉ። ሞራይ እንደ ሳህን ወደ ታች የተቆፈሩ ክብ እርከኖች ያሉበት ነው፤ የእህል መሞከሪያ ነበረ የሚሉ አሉ፣ የማይቀበሉትም አሉ። የማራስ ጨው ማምረቻ ግን አከራካሪ አይደለም፤ ሥራ ላይ ነውና። ከገደሉ ሥር የምትፈልቅ አንዲት ጨዋማ ምንጭ በጠባብ ቦይ ተመርታ ከሦስት ሺህ በላይ ለሚሆኑ ትናንሽ ገንዳዎች ትከፋፈላለች። የገንዳው ባለቤት መግቢያውን ከፍቶ ጥቂት ጣት ያህል ውኃ ይሞላና ይዘጋል፤ ፀሐይ ውኃውን ስታተንነው እንደገና ይሞላል። እንዲህ እየተደጋገመ ጨው ከረጋ በኋላ ተፍቆ ይወሰዳል። ሥራው የበጋ ሥራ ነው። የዝናቡ ወራት ሲያልፍ ደለሉን መጥረግ፣ የፈረሰውን ክትር ማበጀት፣ የገንዳውን ወለል እየደበደቡ ማጥበቅ ግድ ነው። ይህን ያልሠራ ቤተሰብ በዚያ ዓመት ጨው አያገኝም።

ገንዳዎቹ የማራስና የፒቺንጎቶ ቤተሰቦች ንብረት ናቸው። ሥራው ከኢንካዎችም የቀደመ መሆኑ ይታመናል። በኩስኮ ዙሪያ ላሉት ለብዙዎቹ የታሪክ ቦታዎች የሚያገለግለው የጋራ ትኬት እዚህ አይሠራም፤ የመግቢያውን ዋጋ የሚቀበለው ራሱ ኅብረተሰቡ ነው። ጎብኚ በገንዳዎቹ መካከል ባለው ክትር ላይ እየተራመደ ጨውን ስላስቸገረ በ2019 ዓ.ም. ወደ ውስጥ መዝለቅ ተከልክሎ ከዳር ሆኖ እንዲመለከት ተደርጓል። ቅር ያላቸው ጎብኚዎች ነበሩ። ነገር ግን ሰው በሚበላው ጨው ላይ በጫማ መቆም መብት ሊሆን አይችልም።

በቺንቼሮ የበለጠ ከባድ ጉዳይ አለ። የቱፓክ ኢንካ ዩፓንኪ ርስት በነበረችውና በሸማኔዎቿ በታወቀችው በዚህች መንደር አጠገብ ለዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ግንባታ በ2019 ዓ.ም. የመሬት ጠረጋ ሲጀመር ከልዩ ልዩ አገር የተውጣጡ የታሪክና የአርኪዮሎጂ ምሁራን ተቃውሟቸውን በፊርማ አሰምተዋል። የአሁኑ የኩስኮ ማረፊያ በከተማ መካከል ተጨንቆ እንዳለ ማንም አይክድም፤ ከቺንቼሮ ነዋሪዎችም ማረፊያውን የሚደግፉ ጥቂት አይደሉም፤ ሥራና ገቢ ይፈልጋሉና። ይሁን እንጂ የኩስኮ ሕዝብ ከሚጠጣው ውኃ ከፊሉ የሚመጣው በዚሁ አምባ ላይ ካለው ከፒዩራይ ሐይቅ ነው። ስለ ግንቦቹ ብዙ ተብሏል፤ ስለ ሐይቁ የተባለው ያነሰ ሲሆን፣ በመሐንዲስ ዓይን የሚያሳስበው ግን ከሁለቱ ሐይቁ ነው።

ወደ ማቹ ፒቹ በባቡር ደርሶ በዚያው ቀን መመለስ ይቻላል፤ ስለ ቦታው ብዙ ስለ ተጻፈ እዚህ መድገሙ አያስፈልግም። ይልቁንስ ብዙ ጎብኚ የማይሄድበት የደቡብ ምሥራቁ መንገድ ሊወሳ ይገባዋል። በዚህ መንገድ ከኩስኮ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ቲፖን ትገኛለች። ከተራራው ሥር የምትፈልቀው ምንጭ በተጠረበ ድንጋይ ቦይ ታልፍና በሁለት፣ ቀጥሎም በአራት ተከፍላ ጎን ለጎን ትወርዳለች፤ ከዚያም 13 ታላላቅ እርከኖችን እያጠጣች ትቀጥላለች። ከእርከን ወደ እርከን ውኃው የሚወርድባቸው ቀጥ ያሉ መውረጃዎች አፈሩን እንዳይሸረሽሩ ተደርገው የተሠሩ ናቸው። አሜሪካዊው የውኃ መሐንዲስ ኬኔት ራይት ቦታውን አጥንተው መጽሐፍ ያወጡለት ሲሆን፣ የአሜሪካ ሲቪል መሐንዲሶች ማኅበርም በታሪካዊ የምሕንድስና ሥራነት መዝግቦታል። የኮንሶን እርከኖች ያየ ኢትዮጵያዊ ባለሙያ የደረቅ ድንጋይ ካቡን ሲያይ ባዕድነት አይሰማውም፤ የሚደነቀው ውኃው ዛሬም በዚያው ቦይ በመውረዱ ነው።

ከቲፖን አለፍ ብሎ ከኢንካዎች በፊት የነበሩት ዋሪዎች የሠሩት የፒኪያክታ ከተማ ፍርስራሽ፣ ፕሮትዘን የሞከሩበት የሩሚቆልቃ ካባ፣ በመጨረሻም ውስጡ በሥዕል የተሞላው የአንዳዋይሊያስ ቤተ ክርስቲያን በአንድ ቀን ሊታዩ ይችላሉ። ሦስቱም ያለ ጥድፊያ ይበቃሉ።

ከሁሉ የሚርቀው፣ ለሊት ተነሥቶ ማታ የሚገባበት ጉዞ፣ በካናስ አውራጃ በአፑሪማክ ወንዝ ላይ ወደ ተዘረጋው የሣር ድልድይ ወደ ቄስዋቻካ የሚወስደው ነው። የስሙን የመጀመሪያ ድምፅ ስፔናዊ ሊጠራው ይቸገራል፤ ቀን፣ ጠን፣ ጨንና ጰን ለለመደ ለአማርኛ ተናጋሪ ግን የኩስኮ ኬችዋ እነዚህን የመሰሉ ድምፆች ስላሉት አንደበቱ አይተሳሰርም። ድልድዩ ርዝመቱ 30 ሜትር ያህል ሲሆን ከደጋ ሣር በተገመደ ገመድ የተሠራ ነው፤ ብረት የለበትም። ሣር ደግሞ ይበሰብሳል። ስለዚህ አራት የገበሬ ማኅበረሰቦች በየዓመቱ በሰኔ ወር መግቢያ ላይ ተሰብስበው አሮጌውን ቆርጠው ወደ ወንዙ ይጥሉና በሦስት ቀን ውስጥ አዲሱን ይዘረጋሉ፤ በአራተኛው ቀን በዓል ይሆናል።

እያንዳንዱ ቤተሰብ የድርሻውን ቀጭን ገመድ ሠርቶ ያመጣል። ቀጫጭኖቹ ተገምደው መካከለኛ፣ መካከለኞቹ ተጎንጉነው ወፍራም ይሆናሉ። አራቱ ወፍራም ገመዶች ወለሉን፣ ሁለቱ የእጅ መደገፊያውን ይሸከማሉ፤ ሁሉም በግራና በቀኝ ባለው የድንጋይ መሠረት ላይ ይታሠራሉ። ለዚህ ሥራ ደመወዝ የለም። አገሬው ዛሬ ለእኔ ነገ ለአንተ የሚለውን አሠራር አይኒ ይለዋል፤ በአማርኛ ወንፈል ማለት ነው። የገመዱን አያያዝ የሚያውቁት ዋና ሠሪዎች ዕውቀቱን ከአባት ወደ ልጅ ያስተላልፋሉ እንጂ በወረቀት የተነደፈ ፕላን የላቸውም። ይህ ዕውቀትና ሥርዓት በ2013 ዓ.ም. በማይዳሰስ ቅርስነት ተመዝግቧል።

በ2020 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት መሰባሰብ ስላልተቻለ ድልድዩ ሳይታደስ ቀረ። በመጋቢት 2021 ተበጥሶ ወደ ወንዙ ወደቀ። አንድ ዓመት ብቻ ነው የዘለሉት። በዚያው ዓመት ማኅበረሰቦቹ ገመዳቸውን ይዘው ወደ ገደሉ ተመለሱ፤ ከሁለቱም ወገን አዲስ ገመድ ስበው አገናኙት። ከዚያ ጥቂት ራቅ ብሎ መኪና የሚያሳልፍ ዘመናዊ ድልድይ ስላለ መንገደኛው ያለ ሣሩ ድልድይ መሻገር አያቅተውም። ይህን ከማንም በላይ የሚያውቁት ሣሩን የሚያጭዱት ሰዎች ናቸው፤ የሚያጭዱትም በየዓመቱ ነው።