በሀብታም አገር ለምን ይራባል?

አሜሪካ ለዓለም እህል የምትሸጥ አገር ናት። ሆኖም የአገሪቱ ግብርና መሥሪያ ቤት እንዳስታወቀው፣ በ2023 እ.ኤ.አ. 47 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በቂ ምግብ ለማግኘት በሚቸገሩ ቤተሰቦች ውስጥ ይኖሩ ነበር።

እህል አልጠፋም፤ የጠፋው መግዣው ነው። የቤት ኪራይና የሕክምና ወጪ ደመወዙን ቀድመው ይወስዱታል፤ የሚቀነሰው ከማዕድ ነው። ሱፐርማርኬት በሌለበት ሰፈር መኪና የሌለው ሰው ደግሞ ትኩስ አትክልት ለማግኘት ይቸገራል።

መንግሥት ስናፕ በተባለው ፕሮግራም በየወሩ የምግብ መግዣ በካርድ ይሰጣል። ነገር ግን ገቢው ከተወሰነው ጣሪያ ጥቂት ያለፈ ሠራተኛ ድጋፉን ሊያጣ ይችላል።

ስለዚህ መፍትሔው ከደመወዝና ከኪራይ ይጀምራል። ቀኑን ሙሉ ሠርቶ የሚገባ ወላጅ ልጆቹን አጥግቦ ማሳደር መቻል አለበት።