ኃይሉን የሚቀንስ ተጋጣሚ



የዚህ ንግግር ርእስ ኮምፒዩተር በቼዝ ጨዋታ ከሰው ጋር ሲጋጠም ኃይሉን የሚቀንስበት ዘዴና የዘዴው ወሰን ነው። ነገሩ ሲሰሙት የመዝናኛ ጉዳይ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን ከጨዋታው በስተጀርባ የመምህርነትን ሙያ በቀጥታ የሚነካ ጥያቄ አለ። ይኸውም፣ ብዙ የሚያውቅ ጥቂት ከሚያውቅ ጋር ሲገናኝ፣ ታናሹ እንዲማር ዕውቀቱን በምን መልክ ዝቅ ያድርግ? የሚለው ነው።

ማሽን ሰውን መርታት መቻሉ ከተረጋገጠ ብዙ ዘመን ሆኗል። በ1997 እ.ኤ.አ. ዲፕ ብሉ የተባለው የአይ ቢ ኤም ኮምፒዩተር በጊዜው የዓለም ሻምፒዮን የነበረውን ጋሪ ካስፓሮቭን በስድስት ጨዋታ 3½ ለ2½ አሸነፈው። ከዚያ ወዲህ የተሠሩት ፕሮግራሞች፣ ከእነርሱም መካከል ማንም በነፃ የሚያገኘው ስቶክፊሽ፣ በእጅ ስልክ ላይ ተጭነው እንኳ ከማንኛውም ሻምፒዮን የሚበልጡ ሆነዋል። ስለዚህ ለተማሪ የሚሆን ተጋጣሚ ለማዘጋጀት የሚፈልግ ሰው ችግሩ ማሽኑን ማበርታት ሳይሆን ማድከም ነው።

ይህ ችግር ለምሥራቅ ጎጃም ተማሪ ሩቅ አይደለም። አሠልጣኝና ክበብ በቅርብ ያላገኘ የቢቸና ወይም የሞጣ ልጅ፣ የቼዝ ፍቅር ካደረበት፣ የዕለት ተጋጣሚው በስልኩ ውስጥ ያለው ማሽን ብቻ ሊሆን ይችላል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት በቆየበት ጊዜ፣ በኢንተርኔት ከሩቅ ሰው ጋር መጫወት የማይታሰብ ሆኖ ነበር። በስልክ ላይ የተጫነ ፕሮግራም ግን ያለ መስመር ይሠራል። እንግዲህ ልጁ ከዚህ ብቸኛ ተጋጣሚው ምን ይማራል ብሎ መጠየቅ የመምህሩ ፋንታ ነው።

ማሽንን ለማድከም የተለመዱት መንገዶች ሦስት ናቸው። አንደኛው የማሰቢያ ጊዜውን ማሳጠር ነው። ሁለተኛው ወደ ፊት የሚያሰላውን የእርምጃ ብዛት መወሰን ነው። ሦስተኛው ደግሞ የተሻለውን እርምጃ እያወቀ ዝቅ ያለውን እንዲመርጥ ማድረግ ነው። ሊቼስ የተባለው የኢንተርኔት የቼዝ መድረክ ስቶክፊሽን በስምንት ደረጃ ከፍሎ ያቀርባል። በራሱ በፕሮግራሙ ውስጥም ከ0 እስከ 20 የሚደርስ የችሎታ መለኪያ አለ። መለኪያው ዝቅ ሲል ፕሮግራሙ ቢያንስ አራት የተሻሉ እርምጃዎችን አወዳድሮ ከመካከላቸው በዕጣ መልክ አንዱን ይወስዳል፤ መለኪያው ዝቅ ባለ መጠንም ደካማውን የመምረጥ ዕድሉ ይጨምራል።

የዘዴው ጉድለት የሚታየው እዚህ ላይ ነው። በዚህ መንገድ የተዳከመ ማሽን ለብዙ እርምጃ እንደ ሊቅ ሲጫወት ቆይቶ፣ በድንገት አንድ መጫወቻ ያለ ምክንያት ለተጋጣሚው ይለቃል፤ በማግሥቱ እርምጃ ደግሞ ወደ ሊቅነቱ ይመለሳል። ሰው ሲሳሳት ግን ለስሕተቱ ምክንያት አለው። ለማጥቃት ሲቸኩል የኋላውን ይረሳል፤ ከሰሌዳው ዳር እስከ ዳር በሰያፍ የሚመጣውን አደጋ ሳያይ ይቀራል፤ ሰዓት ሲያጥርበት ይደናገጣል። ተማሪ እነዚህን ምክንያቶች አውቆ ነው ተጋጣሚውን መቅጣትና ራሱንም ማረም የሚማረው። ከማሽኑ ዕጣ ጋር የዋለ ተማሪ ግን የሚለምደው ተቀምጦ ስጦታ መጠበቅን ነው።

የቁጥሩም ነገር እንዲሁ ነው። አርፓድ ኤሎ የቀመረውና ዓለም አቀፉ የቼዝ ፌዴሬሽን በ1970 እ.ኤ.አ. የተቀበለው መለኪያ በተጫዋቾች መካከል ያለውን ልዩነት የሚገልጽ ነው። የ200 ነጥብ ብልጫ ያለው ከአራት ጨዋታ ሦስቱን ያህል፣ የ400 ብልጫ ያለው ከ11 ጨዋታ 10 ያህል ነጥብ እንዲያገኝ ይጠበቃል። ስቶክፊሽ በዚህ መለኪያ ኃይሉን እንዲወስን ሲታዘዝ ዝቅተኛው ቁጥሩ 1320 ነው፤ ይህም ቁጥር የተስተካከለው ማሽን ከማሽን ጋር ባደረገው ጨዋታ ነው። ስለዚህ 1320 የተባለውን ማሽን የረታ ልጅ 1320 የሆነውን ሰው ይረታል ማለት አይቻልም። ይህን ሳያውቅ ወደ ውድድር የወጣ ተማሪ በመጀመሪያው ሽንፈት ተስፋ ሊቆርጥ ይችላል።

ኃያል ከደካማ ጋር ሲጫወት ራሱን መግታቱ በኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም። በአገሪቱ ለዘመናት ሲዘወተር ስለኖረው ሰንጠረዥ ሪቻርድ ፓንክኸርስት በ1971 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ሰፊ ጽሑፍ አውጥተዋል። በዚያ ጨዋታ የመጀመሪያው ምዕራፍ ወረራ ይባላል፤ አንድ መጫወቻ እስኪማረክ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ ሠራዊታቸውን ያሰልፋሉ። ከሁሉ ይልቅ የሚደነቀው ግን የአሸናፊነቱ ወግ ነው። ንጉሥን በግንብ ወይም በፈረስ ኃይል መያዝ ብዙ አያስመሰግንም ነበር፤ የሚያስመሰግነው አቅማቸው አነስተኛ በሆኑት በፊል፣ በፈርዝ ወይም በወታደር መያዝ ነበር። ብርቱው ተጫዋች ሆን ብሎ አልተሳሳተም፤ በራሱ ላይ ግን የከበደ ሥራ ጫነ።

በቢቸና አቅራቢያ ባለው በዲማ ጊዮርጊስም ሆነ በሌሎቹ የጎጃም ጉባኤ ቤቶች የሚታወቀው የትምህርት ሥርዓትም ይህንኑ ይመሰክራል። የቅኔ መምህር ለጀማሪ ሲል የተበላሸ ቅኔ አይዘርፍም። በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ያስጀምረዋል፤ ቀጥሎ ወደ ሦስት ቤቱ ዘአምላኪየ፣ ከዚያም ደረጃ በደረጃ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ያደርሰዋል። የሥራው መጠን ያንሳል እንጂ እውነተኛነቱ አይቀንስም።

በቼዝም ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ሌላ መንገድ አለ፤ እርሱም ማሽኑ በሙሉ ኃይሉ እየተጫወተ ከመጀመሪያው አንድ መጫወቻ እንዲጎድልበት ወይም ተጋጣሚው ጥቂት እርምጃ እንዲቀድመው ማድረግ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. ኮሞዶ የተባለው ፕሮግራም ከታላቁ ተጫዋች ከሂካሩ ናካሙራ ጋር በዚህ ዓይነት ብልጫ እየሰጠ አራት ጨዋታ አድርጎ 2½ ለ1½ አሸንፏል። በዚህ ጊዜ የተሰጠው ብልጫ በግልጽ ይታያል፤ ተማሪውም ምን እንደ ተሰጠውና ምን በገዛ እጁ እንዳገኘ ለይቶ ያውቃል።

ሦስተኛ መንገድም ተገኝቷል። በ2020 እ.ኤ.አ. የቶሮንቶና የኮርኔል ዩኒቨርሲቲዎች እንዲሁም የማይክሮሶፍት ተመራማሪዎች ማያ የተባለውን ፕሮግራም አቀረቡ። ማያ የተሠለጠነው ሰዎች በሊቼስ ላይ ባደረጓቸው በሚሊዮን በሚቆጠሩ ጨዋታዎች ሲሆን፣ ዓላማውም የተሻለውን እርምጃ መፈለግ ሳይሆን፣ ከ1100 እስከ 1900 ባለው ደረጃ የሚገኝ ሰው በዚያ ስፍራ ቢሆን ምን ያደርግ ነበር የሚለውን መገመት ነው። እንዲህ ያለው ማሽን ሲሳሳት ሰው እንደሚሳሳተው ስለሚሳሳት፣ ስሕተቱ ለተማሪ ትምህርት ይሆናል። ሆኖም ከ1100 በታች ላለው ፍጹም ጀማሪ ይህም ቢሆን ከባድ ነው።

ከዚህ ሁሉ ለመምህራን የሚከተለው ተግባር ይወጣል። ተማሪው ያሸነፈውን የማሽን ደረጃ እንደ ፈተና ውጤት እንዳይቆጥረው ሊነገረው ይገባል። ደካማ ከተደረገ ማሽን ጋር ከሚውል ይልቅ፣ ንግሥቱ ወይም ግንቡ ከጎደለበት ሙሉ ማሽን ጋር ቢገጥም ይሻለዋል። ሁለት ተማሪዎች እርስ በርሳቸው ተጫውተው እርምጃቸውን በወረቀት ቢመዘግቡና ማሽኑን በሙሉ ኃይሉ እንደ አራሚ ቢጠቀሙበት ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ሰሌዳ፣ አንድ ስልክና ከትምህርት ሰዓት በኋላ የሚከፈት አንድ ክፍል ነው። ክፍሉን የሚያስከፍተውና ልጆቹ ስሕተታቸውን ለምን እንደ ሠሩት የሚጠይቃቸው ግን መምህሩ ነው፤ ይህን ሥራ ማሽኑ በየትኛውም ደረጃው አይሠራውም።