ባለ አራት እግር ሞተር ብስክሌትን ለአስፋልት ስለ ማብቃት
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የማኅበራችን ሥራ አመራር ኮሚቴ ከዕለት ሥራዬ አንድ ርእስ መርጬ እንድናገር በጋበዘኝ ጊዜ፥ በመጀመሪያ ያሰብሁት ስለ ተሳካልኝ ሥራ ለመናገር ነበር። ነገር ግን ሰው ከተሳካለት ይልቅ ከሳተው የሚማረው ስለሚበልጥ፥ በአሪዞና በምሠራበት ጋራዥ በገዛ እጄ አሟልቼ ስላስረከብኋትና ዛሬም ከኅሊናዬ ስላልወጣች አንዲት ባለ አራት እግር ሞተር ብስክሌት ልነግራችሁ ወደድሁ። በተለምዶ ኳድ እየተባለች የምትጠራዋን ማለቴ ነው።

ኳድ የተሠራችው ለመንገድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1970 ሆንዳ ባለ ሦስት እግሯን ለአሜሪካ ገበያ አቀረበ፤ በ1982 ደግሞ ሱዙኪ ባለ አራት እግሯን አስከተለ። ባለ ሦስት እግሯ እየተገለበጠች ብዙ ሰው ስለ ጐዳች፥ በ1988 የአሜሪካ መንግሥትና አምራቾቹ በፍርድ ቤት በጸደቀ ስምምነት አዲስ መሸጧ እንዲቆም ሆነ። አራተኛው እግር ሲጨመር አደጋው ተቃለለ እንጂ አልጠፋም። ሁለቱም የታሰቡት ለአሸዋ፣ ለጭቃና ለግጦሽ መሬት ነው፤ አምራቾቹም ራሳቸው በተሽከርካሪዋ ላይ በሚለጥፉት ማስጠንቀቂያ በአስፋልት ላይ እንዳትነዳ ያሳስባሉ።

ይሁን እንጂ የአሪዞና ሕግ ኳድ በመንገድ ላይ እንድትሄድ ይፈቅዳል። የሚጠይቀውም የፊት መብራት፣ የኋላና የፍሬን መብራት፣ አንጸባራቂ፣ ክላክስ፣ ስፖኪዮ፣ ማርሚታ፣ ታርጋና የታርጋ መብራት እንዲሟላ፥ እንዲሁም ተሽከርካሪዋ እንድትመዘገብና መድን እንዲገባላት ነው። በጎረቤቱ በዩታ ግዛት ፍሬቻና የፍጥነት መቍጠሪያ ይጨመራሉ። ይህ ሁሉ ለእንደኛ ዓይነቱ ሠራተኛ የሁለት ቀን ሥራ ነው። ጥንቃቄ የሚፈልገው የፍሬን መብራቱ በእጅም በእግርም ፍሬን ሲያዝ እንዲበራ ማድረጉና፥ የኳዷ ትንሽ ዲናሞ ከዐቅሙ በላይ እንዳይጫንበት የመብራቶቹን ዋት አስቀድሞ መደመሩ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ወጣት ያገራችን ልጅ ያገለገለች የስፖርት ኳድ ገዝቶ መጣ። የሌሊት ፈረቃ ስለሚሠራ ለመኪና የሚያወጣውን ገንዘብ ለመቈጠብ አስቦ ነበር። የሕጉን ዝርዝር አንድ በአንድ አሟላሁለት፤ ሽቦውንም በጥሩ ሁኔታ ጠቅልዬ አሰርሁ። በሂሳቡ ወረቀት ላይ «ለመንገድ ተሟልታለች» ብዬ ጽፌ ፈረምሁ። በሰባተኛው ሳምንት አንገቱ ሥር ያለው አጥንት ተሰብሮ፥ ክንዱን በጨርቅ አንጠልጥሎ ወደ ጋራዡ ተመለሰ። በአንድ መታጠፊያ ላይ ተገልብጣበት ነበር። ሊከሰኝ የመጣ መስሎኝ ስደነግጥ፥ እሱ ግን ሊያጽናናኝ ፈልጎ «ጋሼ፥ መብራቶቹ ሁሉ ይሠራሉ፤ አንዱም አልተሰበረም» አለኝ።

ባልደረቦቼ ሆይ፤ ከዚያ ቃል የበለጠ ወቀሳ ሰምቼ አላውቅም። እኔ መብራቱን ሠራሁ እንጂ ተሽከርካሪዋን አልሠራሁም ነበር። አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያሉት ለቤተ ክህነት ሰው ብቻ እንዳልሆነ ያን ቀን ገባኝ። እንግዲህ ኳድን ከአስፋልት ጋር የማያስማሟት ሦስት ነገሮች ምን እንደ ሆኑ በተራ ላስረዳ።

የመጀመሪያው አክስሉ ነው። በብዙ የስፖርት ኳዶች የኋላ ጎማዎቹ የተያያዙት ዲፈረንሻል በሌለው አንድ ወጥ አክስል ስለ ሆነ፥ ካቴናው አክስሉን ሲያዞር ሁለቱ ጎማዎች የግድ እኩል ይዞራሉ። በመታጠፊያ ላይ ግን የውጭኛው ጎማ ከውስጠኛው የበለጠ መንገድ መሄድ አለበት። በሁለቱ መካከል ያለው ስፋት 90 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፥ በአንድ የ90 ዲግሪ መታጠፊያ ብቻ ልዩነቱ 1 ሜትር ከ41 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። በአሸዋ ላይ አንደኛው ጎማ ተንሸራቶ ይህን ዕዳ ይከፍላል፤ አስፋልት ግን ዱቤ አያውቅም። ጎማዎቹ መሬቱን ስለሚነክሱ ተሽከርካሪዋ መሪው ወዳዘዛት ሳይሆን ወደ ፊት ትገፋለች። ነጂው ደንግጦ መሪውን ይጨምራል። በዚህ ጊዜ ክብደቱ ወደ ውጭ ሲያዘነብል የውስጠኛው ጎማ ይቀልና ታፍኖ የነበረው መታጠፍ በአንድ ጊዜ ይመጣል። ወጣቱም የነገረኝ ይህንኑ ነበር፤ «መጀመሪያ እንቢ አለችኝ፤ ቀጥላ ወረወረችኝ» አለ።

ሁለተኛው ጎማው ነው። የኳድ ጎማ ሰፊና ለስላሳ ሆኖ ከ0.3 እስከ 0.4 ባር በሚሆን አየር ይሠራል፤ የመኪና ጎማ ግን ከ2 ባር በላይ ይፈልጋል። ለአሸዋ የሚበጀው ይህ ልስላሴ በአስፋልት መታጠፊያ ላይ የጎማው ጎን እንዲታጠፍና ተሽከርካሪዋ እንድትዋልል ያደርጋል። በብዙዎቹ ጎማዎች ጎን ላይ ለአውራ መንገድ እንዳልተሠሩ በግልጽ ተጽፎ ይገኛል። እኔም ያን ጽሑፍ በዓይኔ እያየሁ ነበር ታርጋውን ያሰርሁት።

ሦስተኛው ከፍታው ነው። ተሽከርካሪዋ ከነነጂዋ የክብደቷ ማእከል 60 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ ነው እንበል። የጎማዎቹን ስፋት ለከፍታው እጥፍ ብናካፍል፥ 90 ለ120 ሲካፈል 0.75 እናገኛለን። ይህም ማለት ወደ ጎን የሚገፋው ኀይል የክብደቷን ሦስት አራተኛ ሲያህል የውስጠኛው ጎማ ከመሬት ይለቃል ማለት ነው። በልቅ አፈር ላይ የጎማው የመያዝ ዐቅም ከዚህ ስለሚያንስ ኳዷ ሳትገለበጥ ትንሸራተታለች፤ መንሸራተቱ የነጂው ጠባቂ ነው። ደረቅ አስፋልት ግን 0.8 ያህል ስለሚይዝ፥ ከመንሸራተቷ በፊት መገልበጧ ይቀድማል። ግማሽ ስፋቱ 15 ሜትር በሆነ ክብ መታጠፊያ ላይ ይህ የሚሆነው በሰዓት 38 ኪሎ ሜትር ያህል ስትሄድ ነው። ጎማውና ሾካው ሲታጠፉ ደግሞ ወሰኑ ከዚህም ዝቅ ይላል።

«ጎማዎቹን አስፍተን፥ ከፍታዋንም ዝቅ አድርገን ብንሠራትስ?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ትክክል ነው፤ እኔም ሞክሬዋለሁ። በየጎኑ 5 ሳንቲ ሜትር ብናሰፋና ማእከሉን 5 ሳንቲ ሜትር ብናወርድ ቍጥሩ ወደ 0.91 ያድጋል። ነገር ግን በዚያው መታጠፊያ ላይ ያተረፍነው ፍጥነት በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። በዚያ ላይ ማስፊያው የጎማውን ኩሽኔታ ከታሰበለት በላይ ያስጨንቀዋል። ስለዚህ ማሻሻሉ ይረዳል፤ ዋስትና ግን አይሆንም።

በዚህ ረገድ የአውሮፓ ኅብረት መንገድ ሊጠና የሚገባው ነው። በ2013 የወጣውና ከ2016 ጀምሮ በአዳዲስ ሞዴሎች ላይ የዋለው ደንብ ቍጥር 168/2013፥ ለሁሉም መሬት የተሠራችውን ኳድ ከመንገድ ተሽከርካሪዎች ተራ ይመድባታል፤ የንድፍ ፍጥነቷንም በሰዓት በ90 ኪሎ ሜትር ይወስናል። ከሁሉም በላይ ግን በጠንካራ መንገድ ላይ በደኅና እንድትታጠፍ እያንዳንዱ ጎማ በተለያየ ፍጥነት መዞር እንዲችል ያዛል። የሚቈለፍ ዲፈረንሻል ካላት ደግሞ በወትሮው ክፍት ሆኖ መሠራት አለበት። እንግዲህ አንደኛው ሕግ የሚጠይቀው ኳዷ እንድታይና እንድትታይ ሲሆን፥ ሁለተኛው በተጨማሪ እንዴት እንደምትታጠፍ ይጠይቃል። ሕግ የፈቀደው ሁሉ ለሥራው የበቃ ነው ማለት እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

ከዚያ ወዲህ በጋራዤ የሥራውን ቅደም ተከተል ገልብጬዋለሁ። ኳድ ስትመጣ በመጀመሪያ የማየው የኋላ አክስሏን ነው። አንድ ወጥ ከሆነ ሥራውን አልቀበልም። በአንዳንድ የሥራ ኳዶች ላይ እንዳለው በማብሪያ የሚከፈት ዲፈረንሻል ካላት፥ በአስፋልት ላይ ዘወትር ክፍት መሆን እንዳለበት ለባለቤቱ አስረዳለሁ። ቀጥሎ የመንገድ ምልክት ያላቸውን ጎማዎች ከሚስማማቸው ቸርኬ ጋር እገጥማለሁ። ስፋትና ከፍታዋን ለክቼም በምን መታጠፊያ ላይ በምን ፍጥነት እንደምትለቅ ጽፌ እሰጠዋለሁ። መብራቱና ስፖኪዮው የሚመጡት በመጨረሻ ነው። በዚህ ምክንያት ደንበኛ አጥቻለሁ፤ እኔ እንቢ ያልኋትን ሌላ ጋራዥ በሁለት ቀን አሟልቶ እንደሚያስረክባትም አውቃለሁ።

ብዙዎቻችን ሞያውን የተማርነው መለዋወጫ በሌለበት፥ ያለውን አስማምቶ ማስነሣት እንደ ጀግንነት በሚቈጠርበት ጋራዥ ውስጥ ነው። ያ ብልኀት ክብራችን ነው፤ ልናፍርበት አይገባም። ነገር ግን የማስማማት ብልኀት «ይቻላል ወይ?» ለሚለው ጥያቄ እንጂ «ይገባል ወይ?» ለሚለው መልስ አይሰጥም። ሁለተኛውን ጥያቄ ደንበኛው አይጠይቀንም፤ የሕጉም ዝርዝር ሁልጊዜ አይጠይቀንም። የሚጠይቀን ፊርማችን ብቻ ነው።

ወጣቱ አጥንቱ ከገጠመለት በኋላ ኳዷን ይዞ መጥቶ «ጋሼ፥ መብራቶቹን ይፍቱልኝ፤ ለበረሃ የሚነዳት ሰው ልሸጣት ነው» አለኝ። ፈታኋቸው፤ ዋጋም አልተቀበልሁትም። መብራቶቹ እስከ ዛሬ በመደርደሪያዬ ላይ አሉ፤ እንዳለውም ሁሉም ደኅና ናቸው።